ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ሒሳብ ስመረምር ነው። ኦዲተር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ጅማ፣ ከሄርማታ ገበያ ብዙም ሳልርቅ እኖራለሁ። የእድራችንን መዝገብ ዛሬም የማየው እኔ ነኝ። ከዚያ የተረፈውን ጊዜዬን ስፖርት ይበላዋል። ሩጫ ካለ ሩጫ፣ ኳስ ካለ ኳስ።

ወግ አጥባቂ ነኝ። እናንተ በአራዳ ቋንቋ ሌላ ስም እንዳወጣችሁልኝ አውቃለሁ፤ ግድ የለም። ድሮ ሁሉ ነገር ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ድሮን ስላየሁት አይናፍቀኝም። ብቻ "ሁሉን አፍርሰን እንደ አዲስ እንሠራዋለን" የሚል ሰው ሲመጣ ኪሴን እዳብሳለሁ። ወጣት ሳለሁ እንዲህ የሚሉ ሰዎች መጥተው ነበርና። እድራችን ንጉሡን ሸኝቷል፣ ደርግን ሸኝቷል፣ ኢሕአዴግንም ሸኝቷል። ድንኳኑና ድስቱ አሁንም አለ።

ኦዲተር ሰነድ ሲይዝ መጀመሪያ የሚፈልገው ማን እንዳዘዘና ማን እንደከፈለ ነው። አዛዡ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ከሆነ ቀስ ብሎ ያነባል። ይህ ልማድ ከቢሮ ተከትሎኝ ወጣ። አሁን ፖለቲካውንም ሩጫውንም የማየው በእሱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ፋዘር፣ ስፖርትና ፖለቲካ ለየብቻ ነው" ትሉኛላችሁ። ቢሆን ደስ ባለኝ። እስቲ የምሩጽ ይፍጠርን ነገር ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው።

ምሩጽ በ1964 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። 5 ሺውን ሳይሮጥ ቀረ፤ ምክንያቱ ብዙ አከራክሯል። አራት ዓመት ጠበቀ። በ1968 ሞንትሪያል ሲደርስ ኢትዮጵያ ከሌሎች ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ራሷን ከውድድሩ አገለለች። ነገሩ የመጣው ከራግቢ ነው። የኒውዚላንድ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ፤ አፍሪካውያን "ኒውዚላንድ ትባረር" አሉ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴው እምቢ አለ። 5 ሺውንም 10 ሺውንም ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወሰደ። ምሩጽ ሌላ አራት ዓመት ጠበቀ። በ1972 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ጠራርጎ ወሰደ። ያኔ ነው "ማርሽ ቀያሪው" የሚለው ስም በየሬዲዮኑ የነገሠው። ቪረን በዚያው የ10 ሺህ ውድድር አምስተኛ ወጣ።

እኔ በ1968ቱ ውሳኔ ላይ ብዙ አልጮህም። አፓርታይድ አፓርታይድ ነበር። ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሩ ደቡብ አፍሪካን ደጅ ያስጠኗት ለዚሁ ነው፤ እሳቸውን ደግሞ አከብራቸዋለሁ። ቢሆንም ሒሳቡ ሲመጣ የከፈለው ሯጩ ነው። ያዘዙት ባለሥልጣናት አንዳቸውም ሜዳሊያ አላጡም።

የ1976ቱና የሴኡሉ ግን አሁንም ያናድደኛል። ሎስ አንጀለስ ያልሄድነው ሶቪየት ኅብረት ስላልሄደች ነው። ሴኡል ያልሄድነው ለሰሜን ኮሪያ ብለን ነው። ለሰሜን ኮሪያ! ሶቪየቶቹ ራሳቸው ሴኡል ሄደው ሜዳሊያቸውን ሲለቅሙ እኛ ቤታችን ቁጭ አልን።

በላይነህ ዲንሳሞን የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? በሚያዝያ 1980 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ሰዓት ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። የሴኡል ኦሊምፒክ የተካሄደው ከሮተርዳሙ ውድድር ወደ አምስት ወር ተኩል ቆይቶ ነው። እሱ አልተወዳደረም። ሮተርዳም ላይ ሁለተኛ ያስወጣው ጅቡቲያዊው አህመድ ሳላህ ሴኡል ላይ ነሐስ አጠለቀ። ያሸነፍከው ሰው ሜዳሊያ ሲያጠልቅ አንተ የለህበትም። የሯጭ ጉልበት ጎተራ ገብቶ ለከርሞ አይቀመጥም። ያን ዓመት የወሰዱበት ሰዎች ምን እንደወሰዱ የሚያውቁ አይመስለኝም። ቢያውቁም የሚመልሱበት መንገድ የለም።

አሁን ደግሞ የምታፋጥጡኝን ላንሳ። ፈይሳ ሌሊሳ በነሐሴ 2008 ሪዮ ላይ ክንዶቹን በኦሮሞ ተቃውሞ ምልክት አጣምሮ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ምን አልኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ በመሮጫ ላይ የፖለቲካ ምልክት ማየት አልወድም። የኦሊምፒኩ ደንብም አይፈቅድም። ደንብ ይከበር ከሚሉት ነኝ። ግን ሒሳቡን አየሁት። ሰውየው መጀመሪያ 42 ኪሎ ሜትሩን ሮጠ፤ ብር ሜዳሊያውን በእግሩ አገኘ። ከዚያ ያለውን አለ። ዋጋውንም ራሱ ከፈለ፤ ከአገሩ ተለይቶ ቆይቶ የተመለሰው በ2011 ነው። የሌላ ሯጭ ዓመት አልወሰደም። በዚህ ጉዳይ የቡና ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። እኔ ምልክቱን ባልወደውም ሰውየውን አልከሰውም። ያዘዘውም የከፈለውም አንድ ሰው ነው።

ለፖለቲካችሁ የምላችሁም ከዚህ የራቀ አይደለም። ፖለቲካ አትግቡ አልልም። ብልስ መቼ ትሰሙኛላችሁ! ግቡ፤ ግን እንደ ደጋፊ አትግቡ። ፈረንጅ አራዳ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ለአርሰናል ብትሞቱለት፣ ማንቼን ብትሰድቡ፣ ጉዳቱ ቢበዛ አንድ ማኪያቶ ነው። ደጋፊ ቡድኑ ቢሳሳትም አይለቅም፤ ዳኛው ትክክል ቢሆንም ይሰድባል። ኳስ ላይ ያምርበታል። ይህንኑ ልብ ይዞ ወደ ምርጫና ወደ ሰልፍ የሚሄድ ሰው ግን ጎረቤቱን የተጋጣሚ ቡድን አድርጎ ማየት ይጀምራል። ስታዲየሞቻችን ውስጥ ብሔርና ክለብ ተቀላቅለው ድንጋይ ሲወረወር አይተናል። የወረወሩት ልጆች ናቸው። ያስወረወሩት ቤታቸው ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ሰው ስልካችሁ ውስጥ ገብቶ "ተነሱ" ሲላችሁ የሚኖርበትን ከተማ ጠይቁ። የእሱ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዷል? እሱ ዛሬ ሥራ ገብቷል? መንገዱ ሲዘጋ ቡናዋን ከጎማ ወይም ከማና ወረዳ ጭና ጅማ መግባት የሚያቅታት ሴትዮ የማን እናት ናት? የሚያዘው እሱ ሆኖ የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ለመንግሥት ሰውም ይኸው ነው። ካድሬ ሰልፍ ሲጠራችሁም ሆነ ተቃዋሚ ሲጠራችሁ ጥያቄው አይቀየርም።

ከፖለቲካው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቤቲንጉ ነው። እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ሁለት እኩል የሆኑ ነገሮች ላይ፣ ለምሳሌ ጎል ከዚህ ይበዛል ወይስ ያንሳል በሚለው ላይ፣ ቤቱ ለሁለቱም 1.85 ኦድ ሰጠ እንበል። አንዱ ልጅ 100 ብር በዚህ፣ ሌላው 100 ብር በዚያ ያስይዛል። ቤቱ 200 ብር ገባለት። ማንም ያሸንፍ ማን የሚከፍለው 185 ነው። 15ቱ ብር ኳሱ ሳይጀመር የእሱ ሆኗል። ቤቱ ኳስ ማወቅ አያስፈልገውም። እናንተ ግን ስለ ተከላካዩ ጉዳት ሌሊቱን ሙሉ ስታነቡ ታድራላችሁ።

ይህ በአንድ ጨዋታ ነው። እናንተ ደግሞ የምትወዱት 10 ጨዋታ ደራርባችሁ አንድ ትኬት መቁረጥ ነው፤ ኦዱ ሲቆለል ያምራልና። በየጨዋታው ለእናንተ የሚቀረው ድርሻ ግን አብሮ ይባዛል፤ ከላይ እንዳየነው ከ200 ብር 185፣ ማለትም 0.925 ነው። 0.925ን አሥር ጊዜ በራሱ አባዙት፤ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። 0.46 ገደማ ይመጣል። እንዲህ ባለ ትኬት ላይ ካስያዛችሁት 100 ብር በአማካይ ተመልሶ የሚመጣው 46 ብር ያህል ነው ማለት ነው። ሌብነት ነው አልልም፤ ዋጋው ኦዱ ላይ ተጽፏል። የሚያነበው ጠፋ እንጂ። አንድ ልጅ "ጋሼ፣ እኔ ግን ባለፈው በላሁ" አለኝ። የበላበትን ቀን ያስታውሳል፤ የተበላበትን አይመዘግብም። ለአንድ ወር ብቻ ገቢና ወጪውን በደብተር እንዲጽፍ ነገርኩት። እስካሁን ደብተሩን አላሳየኝም።

ያንኑ ብር በየሳምንቱ ዕቁብ ጣሉት። ዕቁብ አያተርፍም፤ አይበላችሁም ግን።

ስለ ሥራ የምለው አጭር ነው። "ተምሬ ሥራ አጣሁ" ለሚለኝ ሁሉ ታምራት ቶላን አነሳበታለሁ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተጠራ። በነሐሴ 2016 በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ በወንዶች ማራቶን ወርቅ አላየንም ነበር። ሊጠራ እንደሚችል ቃል የገባለት አልነበረም። ልምምዱን ግን አላቋረጠም። ይህን ስል ግን ሥራ ያጣ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ተዘጋጅተው ያልተጠሩ ብዙ ናቸው፤ እነሱን የሚያስታውስ ጋዜጣ የለም።

ወደ ራሳችን ሜዳ ልምጣ። በ2009 ጅማ አባ ቡና ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ጅማ አባ ጅፋር ገባ። በ2010፣ ገና በገባበት ዓመት፣ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ክፍያ በልጦ ነው። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። ከተማው አብዶ ነበር፤ እኔም አብጄ ነበር፤ ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባውን ሲነፋ አደረ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘን። በ2014 ወረድን። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት!

የመውረዱን ምክንያት ስትጠይቁ አንዱ አሠልጣኝ ይላችኋል፣ ሌላው ተጫዋች ይላችኋል። እኔ ወደ መዝገቡ እሄዳለሁ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ከንቲባው ኳስ ሲወድ ክለቡ ያብባል፤ ከንቲባው ሲቀየር ክለቡ ይራባል። ደጋፊው ማሊያ ለብሶ ይጮኻል እንጂ ከፋይ ስላልሆነ የሚጠይቀው ነገር የለም። እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ያሉት በደጋፊዎቻቸው አባልነት ላይ የቆመ ነገር አላቸው፤ ጎበዝ ሲሆኑም ሰነፍ ሲሆኑም አሉ።

ለዚህ ነው በየመድረኩ "በጀት ይጨመርልን" የሚለውን ጩኸት የማልቀላቀለው። መዋጮ ይጀመር ባይ ነኝ። ትንሽ ትሁን፤ ደረሰኝ ይቆረጥላት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡ በአደባባይ ይነበብ። እድር የሚሠራበት ደንብ ይኸው ነው፤ አዲስ ነገር አላመጣሁም። አንድ ጎረምሳ "ጋሼ፣ ሰው ለለቅሶ እንጂ ለኳስ አያዋጣም" ብሎ ተከራከረኝ። ቤቲንግ ቤት በር ላይ የቆመውን ሰልፍ አሳየሁት። "እሱ ሌላ ነው" አለ። እንዴት ሌላ እንደሆነ እስኪያስረዳኝ እየጠበቅሁ ነው። መዝገቡን በነፃ እይዛለሁ ብያለሁ፤ ገንዘብ ያዥ ግን ከእናንተ መሃል ይመረጥ።