«በላፕቶፑ ይከፈታል፣ በስልክ ግን አይከፈትም» ላልሽው መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ኮምቦልቻ ባለው ትምህርት ቤታችሁ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሥርዓተ ክወናና ገጽን ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያቀርበውን ፕሮግራም ኤንጂንኤክስን ጭነሽ የቤተ መጻሕፍቱን ዝርዝር አስቀመጥሽ። በላፕቶፑ ላይ ይከፈታል፤ በስልክሽና በመምህራን ክፍል ባለው ኮምፒውተር ግን አይከፈትም። ሦስት ጊዜ አራግፈሽ ከጫንሽ በኋላ «ለአራተኛ ጊዜ ልሞክር ወይ?» ብለሻል። እባክሽ አትሞክሪ። ገጹን በራሱ ማሽን ላይ ካሳየ ኤንጂንኤክስ ጤነኛ ነው። እንቅፋቱ ከላፕቶፑ እስከ ስልኩ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙን ደጋግሞ መጫን ደግሞ መንገዱን አይጠግነውም።

ይህን የምልሽ ዋጋ ስለከፈልሁበት ነው። በ2011 ዓ.ም. ከደሴ ሐረጎን እየወረድሁ ኮምቦልቻ ላለ አንድ መጋዘን የዕቃ መመዝገቢያ ዘርግቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች አንዱም ሊከፍተው አልቻለም። ያን ቀን ሳራግፍና ስጭን ዋልሁ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ለካስ ራውተሩ፣ ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ እንደገና ሲነሣ ለሰርቨሩ፣ መመዝገቢያው ላለበት ማሽን፣ አዲስ የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) ሰጥቶታል፤ መጨረሻው 15 የነበረው 22 ሆኗል። ሠራተኞቹ የድሮውን ቤት ያንኳኳሉ፤ ሰርቨሩ ሌላ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ገብቼ አንዱን አድራሻ ለዚያ ማሽን ብቻ ካስያዝሁለት ወዲህ ችግሩ አልተመለሰም። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ይህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ ነው። የላፕቶፕሽን አድራሻ ዛሬውኑ አረጋግጪ፤ ከሦስት ቀን በፊት የጻፍሽው ላይሆን ይችላል።

በጥያቄሽ ውስጥ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ። ስልኩ «አይከፈትም» የሚልሽ ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግማሹ ምርመራ ግን እርሱ ነው።

ገና ከመንካትሽ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ካለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄሽ ላፕቶፑ ድረስ ደርሷል፤ በዚያ በር ላይ የሚቀበለው ግን አላገኘም። ኤንጂንኤክስ የትኛውን አድራሻና ፖርት (የበሩን ቁጥር) ይዞ እንደሚጠብቅ እዪ። «ኤስኤስ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈሽ ክፍት ቦታ ተዪ፤ ከዚያ ሰረዝ አድርገሽ ቲ፣ ኤል እና ኤን የሚሉትን ሦስት ፊደላት አያይዘሽ ጨምሪ። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ 127.0.0.1:80 ካየሽ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ያ ማሽኑ ከራሱ ጋር ብቻ የሚነጋገርበት አድራሻ ነው፣ ከሌላ መሣሪያ አይደረስበትም። 0.0.0.0:80 ከሆነ ለሁሉም ክፍት ነው። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ በተለጠፈ ቅንብር ውስጥ የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ።

ምንም ሳይናገር ቆይቶ «ጊዜው አልቋል» ካለሽ ግን ጥያቄሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስልክሽ በእርግጥ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ላይ ነው? በ192.168 የሚጀምር አድራሻ የግቢ ውስጥ አድራሻ ነው፤ በሞባይል ዳታ ከመጣሽ ላፕቶፑ ጉልበትሽ ላይ ቢሆንም አታገኚውም። የመምህራኑ ኮምፒውተር በሌላ ራውተር የሚሠራ ከሆነም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፋየርዎሉን፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራውን ዘብ፣ ተመልከቺ። በኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው የሚባለው ፋየርዎል ከመጀመሪያው ሥራ ላይ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ ግን ያልተፈቀደለትን ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ይጥላል። ፖርት 80ን ፍቀጂለት እንጂ ጨርሰሽ አታጥፊው። አንዳንድ ራውተር ደግሞ የእንግዳ ዋይፋይ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ያደርጋል፤ ይህንንም እዪ።

ቁጥር ያለው ስሕተት ከመጣልሽ ደስ ይበልሽ፤ ሰርቨሩ ድረስ ደርሰሻል ማለት ነው። 403፣ ማለትም «ማየት አልተፈቀደም» የሚለው፣ ጀማሪን በጣም ያስጨንቃል። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ የተጠቃሚው የግል ፎልደር ለሌላ ሰው ዝግ ሆኖ ነው የሚፈጠረው። ኤንጂንኤክስ ደግሞ በራሱ የተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ፣ ፋይሎችሽን በግል ፎልደርሽ ካስቀመጥሽ አልፎ ሊያነባቸው አይችልም። «777 የሚለውን የፈቃድ ቁጥር ስጪው» የሚሉ መካሪዎች ይመጡብሻል፤ አትስሚያቸው፤ ያ ማለት ማንኛውም ተጠቃሚ ፋይሉን እንዲቀይር መፍቀድ ነው። ፋይሎቹን ወደ /ቫር/ደብሊውደብሊውደብሊው አዛውሪ፤ ለፎልደሮች 755፣ ለፋይሎች 644 ይበቃል።

ይህን ሁሉ በግምት መሥራት የለብሽም። በ/ቫር/ሎግ/ኤንጂንኤክስ ውስጥ ያለው የስሕተት መዝገብ የትኛው ፋይል እንደተከለከለ በስሙ ይነግርሻል። ሰዓቱ እንዳያሳስትሽ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ላፕቶፑ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ፣ ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው) ከተሞላ መዝገቡ ላይ 06:15 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:15 ነው። ቅንብር በቀየርሽ ቁጥርም ሰርቨሩን ከማስነሣትሽ በፊት «ኤንጂንኤክስ» ብለሽ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ቲ ጻፊ፤ ስሕተት ካለ ፋይሉንና መስመሩን ያሳይሻል። ብዙውን ጊዜ የቀረው አንድ ሴሚኮሎን (;) ነው፤ ነጥብ ከላይ፣ ጭረት ከታች ያለው።

ገጹ ሲከፈት የመጻሕፍቱ ስም በፊደል ፈንታ በእንግዳ ምልክቶች ተሞልቶ ብታገኚው አትደንግጪ፤ ጽሑፉ አልጠፋም። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ብራውዘሩ ይህ ካልተነገረው ሦስቱን ለየብቻ ያነባቸዋል። በኤንጂንኤክስ ቅንብር ውስጥ ቻርሴቱ (የፊደል አቀማመጥ ሥርዓቱ) ዩቲኤፍ-8 እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሪ።

አሁን የኤስኤስን ውጤትና የስሕተት መዝገቡን የመጨረሻ አሥር መስመሮች እዚሁ ለጥፊልኝ፤ የይለፍ ቃል ካለበት አስቀድመሽ አጥፊው። ቅዳሜ ለሥራ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ እስከዚያ ካልተፈታ በትምህርት ቤቱ በኩል አልፋለሁ።