ሲቲ ስካኑ ይደገም ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ከደረጃ ወድቆ ሦስት ጊዜ ስላስመለሰው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ደህና ነው ተባልን። ከ10 ቀን በኋላ ራሴን አመመኝ ሲል ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። በእጄ ያለው ፊልሙ ብቻ ስለሆነ “በእኛ ማሽን ይደገም” አሉኝ። ጨረሩ አይበዛበትም? መጀመሪያ ሲነሣም ሊድ የሚሉትን ከባድ ሽርጥ አላለበሱትም። ጎረቤቶቼ ደግሞ ወተትና እንቁላል ጨረሩን ያጠራል ይሉኛል። (የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወተቱንም እንቁላሉንም ይስጡት፤ ለልጅ ጥሩ ምግብ ነው። የሚያጠራው ጨረር ግን የለም። የሲቲ ጨረር እንደ አምፖል ብርሃን ነው፤ ማሽኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም። የሚያሳስበው በሚያልፍበት ቅጽበት በሴሎች ዘረመል ላይ የሚተወው ጉዳት ነው። የልጆች ሴሎች ቶሎ ቶሎ ይራባሉ፣ ከፊታቸውም ረጅም ዕድሜ አለ፤ ስለዚህ ከአዋቂ ይልቅ ለእነሱ እንጠነቀቃለን።

አንድ የጭንቅላት ሲቲ 2 ሚሊሲቨርት (ሰውነት ያገኘው ጨረር የሚለካበት) ገደማ ነው። ማንኛውም ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። በ2012 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ከ178,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ የደረሰበት ግምት እንዲህ ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ሆነው ከተነሡ 10,000 ልጆች መካከል በቀጣዮቹ 10 ዓመታት አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰርና አንድ ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ ይኖራል። በውስጡ እየደማ ያለ ጭንቅላት ሳይታይ ቢቀር አደጋው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከደረጃ ወድቆ ደጋግሞ ለሚያስመልሰው ልጅ ሐኪሙ ወይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ሐኪም ቤት አቆይቶ ይከታተለዋል፣ ወይ ሲቲ ያዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ያለ ምክንያት የታዘዘ አይደለም፤ አይጸጸቱበት።

ሁለተኛው ግን ልጁን አይቶ እንጂ ፊልም አይቶ አይወሰንም። ሕመሙ ዕለት ዕለት ከባሰ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው ከሆነ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ካንቀጠቀጠው በዚያው ቀን ይነሣ፤ ጨረር ፈርተው አይዘግዩ። ሕመሙ ቀለል እያለ የሚሄድና ልጁም እየተጫወተ ከሆነ ግን በውድቀቱ አንጎል ሲናወጥ የሚመጣ ራስ ምታት ሳይሆን አይቀርም፤ በአብዛኞቹ ልጆች በ4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ያኔም ቢሆን ሐኪም በእጁ ይመርምረው።

“በእኛ ማሽን” የሚለው ብቻውን ምክንያት አይሆንም። መጀመሪያ ወደተነሣበት ቦታ ተመልሰው ምስሉን በሲዲ፣ በዳይኮም ፎርማት (የሕክምና ምስሎች በኮምፒውተር በሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት) ይጠይቁ፤ ራዲዮሎጂስቱ በየትኛውም ማሽን የተነሣውን ያነበዋል። ፊልም ላይ የታተመው ትንንሽ ነው፣ ብርሃኑም አይለወጥም፤ ለአንጎል በሚስማማ ብርሃን ከታተመ አጥንቱ ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ከአጥንቱ ሥር የተጠጋ ቀጭን ደምም ሊያመልጥ ይችላል። በሲዲው ግን ብርሃኑን እየቀያየሩ አጥንቱንም አንጎሉንም ለየብቻ ያያሉ። ያለ አግባብ ከሚደገሙት ምርመራዎች ብዙዎቹ በዚህ ሲዲ መጥፋት የሚመጡ በመሆናቸው ነው ነገሩን የማስረዝመው።

መደገሙ ግድ ከሆነ፣ “በልጅ ፕሮግራም ነው የምታነሡት?” ብለው ይጠይቁ። ሲያበቃ ማሽኑ የጨረሩን መጠን በአንድ ገጽ ያወጣል። በአውሮፓ መመሪያ ከ1 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ ጭንቅላት የማጣቀሻው መጠን 40 ሚሊግሬይ ነው (ይህ ማሽኑ የሚያወጣው መለኪያ ነው፣ ከላይ ካለው ሚሊሲቨርት ጋር አይነጻጸርም)፤ 60 ገደማ ከታየ የአዋቂ ፕሮግራም ሳይቀየር ቀርቶ ይሆናል። ለውድቀት ብቻ ከሆነ ያለ ኮንትራስት (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) አንድ ዙር ይበቃል፤ ያለ መድኃኒትም በመድኃኒትም ካነሡት ጨረሩ እጥፍ ነው። ልጅ ሲነቃነቅ ምስሉ ይደበዝዛል፣ እንደገናም ይነሣል። ስለዚህ የእንቅልፉ ሰዓት ላይ ቀጠሮ ቢይዙ፣ በአንሶላ ጠበቅ አድርገው ቢጠቀልሉት ይረዳል፤ ምርመራው ራሱ ሰከንዶች ነው።

ሽርጡን አለማልበሳቸው ጥፋት አይደለም። ወደ ሆድ የሚደርሰው በአብዛኛው በገላው ውስጥ የሚበተነው ጨረር ነው፤ ያንን ከላይ የተደረበ ሊድ አያግደውም። ሊዱ ከሚነሣው ቦታ ላይ ከዋለ ደግሞ ማሽኑ ወፍራም ሰው መስሎት ጨረሩን ሊጨምር ይችላል። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበርም ሊድ በመራቢያ አካል ላይ በልማድ መደረቡ እንዲቆም በ2019 መክሯል። አብረውት ክፍሉ ውስጥ ከገቡ ግን ሽርጡን እርስዎ ይልበሱ።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጄ በሳንባ ምች ሁለት ጊዜ የደረት ራጅ ተነሥታለች። አሁን ድናለች፤ “ለማረጋገጥ” ሦስተኛ ታዘዘላት። (አባት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ከ3 ቀን የተፈጥሮ ጨረር ጋር እኩል ስለሆነ ላለፉት አይጨነቁ። ትኩሳቷ ጠፍቶ፣ ትንፋሿ ተስተካክሎ በደንብ የምትጠባ ከሆነ ግን ላልተወሳሰበ የሳንባ ምች የማረጋገጫ ራጅ አያስፈልግም። የሳንባ ምቹ በአንድ ቦታ ከተመላለሰባት ወይም ፈሳሽ ቋጥሮ ከነበረ ነገሩ ይለያል፤ ያዘዘውን ሐኪም ይህን ይጠይቁት። ከተነሣችም የሚይዛት ሰው ነፍሰ ጡር አይሁን፤ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳየው የማሽኑ ብርሃን ከደረቷ አልፎ ሆዷን እንዳይሸፍን፣ የያዛት ሰው እጅም ብርሃኑ ውስጥ እንዳይገባ ባለሙያውን ያሳስቡ።