ውሻ መርዝ ሲበላ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ገብስ ጎተራ ከገባ በኋላ ጎረቤቶቻችን የአይጥ መርዝ በሊጥ ለውሰው አስቀምጠው ነበር፤ ውሻችን ከዚያ ሳይበላ አልቀረም፣ አረፋ እየደፈቀ ሲንቀጠቀጥ ወተት ብንግተውም ሞተብን። አሁን ቡችላና ድመት አሉን። ከወዲሁ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ወተት መጋት በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም መርዙን አያረክስም፤ የሚንቀጠቀጥ እንስሳ በሚገባ መዋጥ ስለማይችል የሚጋተው ሁሉ፣ ዘይትም ሆነ የጨው ውሃ፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ግራጫ የአይጥ መርዝ ዱቄት ደግሞ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ እንስሳው ምግብ ሲጨመርለት አሲዱ በዝቶ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ትውከቱ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ካለው ጋዙ ሰውንም ስለሚጎዳ እንስሳውን ነፋሻማ ቦታ ያውጡት።

ከሁሉም በላይ አጥብቀን የምንመክረው የመርዙን መያዣ እንዳይጥሉት ነው፤ ሐኪሙ ሕክምናውን የሚመርጠው በመርዙ ዓይነት ነውና። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች ምልክታቸው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ዘግይቶ ስለሚታይ፣ ውሻው ደኅና ቢመስልም በጊዜ ከተወሰደ በቫይታሚን ኬ1 ሊድን ይችላል። ኦርጋኖፎስፌት ለሚባሉት ፀረ ተባዮች ሐኪሙ አትሮፒን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለዚንክ ፎስፋይድ ግን ማርከሻ ስለሌለው ፍጥነት ብቻ ነው የሚያዋጣው። መርዙ ያለ ጽሑፍ በወረቀት ተጠቅልሎ የተሸጠ ከሆነ ስሙን ሻጩን ጠይቀው ወረቀቱ ላይ ይጻፉት።

አረፋ መድፈቅ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክት ስለሆነ እጅዎን ወደ አፉ አያስገቡ። ከነከሰዎት ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ፣ ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥበው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ እንስሳውን ጠቅልሎ ለማንሳት ወፍራም ጆንያ ያስቀምጡ፤ ሌሊት የሚያደርስ ባለ ባጃጅም አስቀድመው ያነጋግሩ። ከጎረቤቶችዎ ጋር መርዙ አይጥ ብቻ በሚያስገባ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ሣጥን እንዲቀመጥ፣ የሞቱ አይጦችም ወዲያው በጥልቅ እንዲቀበሩ ይስማሙ።

ለድመትዎ ፓራሲታሞል ፈጽሞ እንዳይሰጡ፤ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ሊገድላት ይችላል።