50 ሺህ የሚለውን ፓወር ባንክ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አስቀምጪው

እህቴ፣ «ሂርማታ ገበያ 50,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) የሚል ፓወር ባንክ በባለ 20,000ው ዋጋ አገኘሁ፤ መብራት ሲጠፋ ለሁለት ስልክና ለዋይፋይ ይሆነኛል፣ ልግዛው?» ላልሽው፦ አትግዢው። እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁና ነገሩን በደንብ ላጫውትሽ።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲያዩ እጃቸው ከሚያሳክካቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ባለቤቴ ፌስታል ይዤ ከገባሁ ሰላም ከማለቷ በፊት «ደግሞ የምን ገመድ ነው?» ነው የምትለኝ። ካቻምና ክረምት፣ የጅማን ክረምት መቼም ታውቂዋለሽ፣ ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም መብራቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ያኔ አንቺ ያየሽውን የመሰለ ገዛሁ። ስልኬን አንዴ ሞላልኝ፤ ሁለተኛው ላይ ግማሽ ሳይደርስ ቀጥ አለ። ስልኩን ጠረጠርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ቻርጀር ቀየርኩ። በመጨረሻ ተናድጄ ጠርዙን በቢላ ፈለቀቅኩት። ውስጡ ከባትሪ ድንጋይ ትንሽ የሚበልጡ ሁለት ክብ ባትሪዎች ብቻ። የቀረው ቦታ በፕላስተር የተጠቀለለ ትንሽ ላስቲክ ነው፤ ብቀደው አሸዋ! ከአዌቱ ወንዝ የተዛቀ ይሁን ከቻይና የመጣ እግዜር ይወቀው።

ጎረቤቴ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሚዛን አለው። ወስጄ አስቀመጥኩት፤ ከነአሸዋው 310 ግራም። እንደዚያ ያለ አንድ ክብ ባትሪ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ደህና የተባለው የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ እውነተኛ 50,000 ለማግኘት ቢያንስ 15 ባትሪ ያስፈልጋል፤ ባትሪው ብቻውን ወደ 700 ግራም ይጠጋል ማለት ነው። ጠፍጣፋዎቹም ቢሆኑ ብዙ አይለዩም። ከባድ መሆኑ እውነተኛ አያደርገውም፣ አሸዋውም የተጨመረው ለዚሁ ነው። ቀልሎ ከተገኘ ግን ያለቀለት ውሸት ነው። ገበያ ውስጥ ሚዛን አይጠፋም፤ ሻጩን አስፈቅደሽ አስመዝኚው።

ሌላው የአውሮፕላን ነገር ነው። አውሮፕላን ላይ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ጠቅላላ ጉልበት መለኪያ) ድረስ ነው፣ ከ160 በላይ ጭራሽ አይፈቀድም። 50,000ውን በባትሪው 3.7 ቮልት አባዝተሽ ለ1,000 ስታካፍዪው 185 ዋት-ሰዓት ይመጣል። እንግዲህ እውነተኛ ከሆነ ከጅማ ኤርፖርት አያሳልፉሽም፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ስልክሽ አይሞላም።

ደህና ባለ 20,000 ግዢ። ክብደቱ ከ350 ግራም ብዙ የማይርቅ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አንብቢ፤ ባለ 5 ቮልቱ መጠን 12,000 ወይም 13,000 አካባቢ ቢል እንዳትደነግጪ። ባትሪው ውስጥ ያለው 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ሲወጣ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ትንሽም በሙቀት ይባክናል። ይህንን የሚጽፍልሽ አምራች እንዲያውም ሐቀኛው ነው። ባለ 5,000 ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ከሞላልሽ ገንዘብሽ አልጠፋም። ሲያብጥ ካየሽው ግን አታባብዪው፣ ከቤት አውጪው። ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግም ይቅር፤ ወንድሜ እንዲህ አድርጎ አንሶላ አቃጥሏል።

ዋይፋዩ ላይ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። አብዛኛው ራውተር 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ፓወር ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 5 ነው፤ በቀጥታ አይሆንም። ከ5 ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድ ግን ይሸጣል፣ ወፍራም ጭንቅላት ያለው ነው። እኔ ቤት ባለ 20,000ው ራውተሩን ስድስት ሰዓት ገደማ ያቆይልኛል። ይህ የሚሠራው ለትንሽ ራውተር ነው፤ የራውተሩ አስማሚ (አዳፕተሩ) ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ከሚል አይለፍ። 2 አምፔር ካለ ገመዱ ይግላል፣ ራውተሩም እየጠፋ እየበራ ያበሳጭሻል። የአስማሚሽን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ የትኛው ገመድ እንደሚሆንሽ እነግርሻለሁ።