ልጁ ከቤት ሳይወጣ፦ ስለ ቤተሰብ ድጋፍ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢያን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል በርካታዎቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቻችን «ሲፒኤስ» የምንለው የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ልጅን ወደ ፎስተር (ለጊዜው ወደሚያሳድገው ሌላ ቤተሰብ) ከመላክ ይልቅ ቤት ድረስ እየመጣ ወላጆችን የሚያግዝበትን አሠራር። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሌሊት ሥራ ስገባ የ7 ዓመት ልጄን ብቻውን ትቼው እንደምሄድ ትምህርት ቤቱ አውቆ አመለከተ። አሁን አንዲት ሶሻል ወርከር ‹ቤትሽ እየመጣን እናግዝሽ› ትለኛለች። ልጄን ለመውሰድ ማስረጃ የምትሰበስብ ይመስለኛል። እሺ ልበላት?

መልስ፦ በእኔ እምነት እሺ ማለቱ ይሻላል፤ ነገር ግን የሚስማሙበትን ነገር አውቀው ይሁን። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው አስተማማኝ ጠባቂ ሳይኖረው ቤት ውስጥ አይተውም፤ ስለዚህ ጥቆማው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ይህ ማለት ግን ልጁ ወዲያው ከእናቱ ይለያል ማለት አይደለም። ከ1980 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ግዛቶች ልጅን ከቤት ከማውጣታቸው በፊት መለየቱን ለማስቀረት ተገቢ ጥረት እንዲያደርጉ ይጠይቃል። በ2018 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ቀድሞ በዋናነት ለፎስተር ኬር ይውል የነበረው የፌዴራል ገንዘብ ለአእምሮ ጤና፣ ለሱስ ሕክምናና ለወላጅነት ክህሎት ድጋፍ እስከ 12 ወር እንዲውል ፈቅዷል። ሕጉ የሚቆጥራቸው አገልግሎቶች ውስጥ የቤት ኪራይም የሞግዚት ክፍያም የለም፤ ይህ እንደ እኔ አስተያየት ትልቁ ጉድለቱ ነው። የእርስዎ ችግር የወላጅነት ክህሎት ማነስ ሳይሆን የሌሊት ፈረቃ ነውና፣ ሶሻል ወርከሯን በመጀመሪያ የሚጠይቋት የሕፃናት መዋያ ድጎማ እንዲያገኙ እንድትረዳዎ ይሁን።

ጥርጣሬዎን መሠረት የለውም አልልም። የምታየውንና የምትሰማውን መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፤ አዲስ አደጋ ካየችም ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። እንግዲህ እርዳታው በፈቃድ የሚሰጥ ነው ወይስ በፍርድ ቤት የታዘዘ የሚለውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁዎት ይጠይቁ፤ የሚፈርሙትን ዕቅድ ቅጂ ያስቀሩ፤ ከሥራ ሰዓትዎ ጋር የሚጋጭና ሊፈጽሙት የማይችሉትን ግዴታ አይፈርሙ። የፈረሙትን ዕቅድ አለመፈጸም ጨርሶ ካለመፈረም የባሰ ጥያቄ ያስነሣብዎታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በሜሪላንድ አቅም የሌለው ወላጅ ጠበቃ ይመደብለታል።

ጥያቄ፦ ሶሻል ወርከሩ ሲመጣ የምታስተረጉምልን የ12 ዓመት ልጃችን ናት። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ስለ ራሷ አያያዝ በሚደረግ ምርመራ ልጅቱን አስተርጓሚ ማድረግ ለእርሷም ለእናንተም ከባድ ነው። ማኅበረሰባችን ጠባብ በመሆኑ ምስጢራችሁ እንዳይወጣ ብትሰጉ፣ በስልክ የሚያስተረጉም የሌላ ከተማ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጅ በሚጎዳበት ቤት ትቶት ወላጁን መምከር ከልጁ ይልቅ ለወላጁ ማዘን አይደለምን?

መልስ፦ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ልጅ ከቤት መውጣት አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም ልጆች ወደ ፎስተር የሚገቡበት በጣም የተለመደው ምክንያት ድብደባ ሳይሆን ‹ቸልተኝነት› ነው፤ በዚህ ስም ከሚመዘገበውም ውስጥ ድህነት ያመጣው ጥቂት አይደለም። በ1974 በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ የተጀመረው «ሆምቢልደርስ» የተባለው አሠራር አንድ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ሁለት ቤተሰብ ያህል ብቻ ይዞ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ፣ በሌሊትም ጭምር እየተጠራ እንዲያግዝ ያዛል። በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል ጉብኝት በተመሳሳይ ስም ቢጠራም ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ አልነበረም። በኬንታኪ፣ በኒው ጀርሲና በቴነሲ ተካሂዶ በ2002 የወጣው የፌዴራል ጥናት፣ አገልግሎቱን ባገኙና ባላገኙ ቤተሰቦች መካከል ልጆች ከቤት በመውጣታቸው ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። አንዱ ምክንያት እርዳታው የተላከላቸው አብዛኞቹ ቤተሰቦች መጀመሪያውኑ ልጅ ሊወሰድባቸው የተቃረቡ አለመሆናቸው ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው ስህተቱ በእርዳታው ላይ ሳይሆን በአመራረጡ ላይ እንደነበረ ነው፤ የዘርፉ ተመራማሪዎች ግን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ጥያቄ፦ እህቴ ለሱስ ሕክምና ገብታለች። ሶሻል ወርከሯ ‹ልጆቹ ለጊዜው አንቺ ጋ ይሁኑ› ብላ አመጣቻቸው፤ የተፈረመ ወረቀት የለም። የፎስተር ክፍያ አገኛለሁ?

መልስ፦ የሚወስነው ልጆቹ በሕግ በማን አደራ ሥር ናቸው የሚለው ነው። መሥሪያ ቤቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተረክቧቸው እርስዎ ጋ ካስቀመጣቸው፣ የፎስተር አሳዳጊነት ፈቃድ ሲያወጡ ክፍያ ሊያገኙ ይችላሉ፤ በ2023 የወጣው የፌዴራል ደንብም ግዛቶች ለዘመድ ቀለል ያለ መስፈርት እንዲያወጡ ፈቅዷል። በቃል ብቻ ከተቀበሏቸው ግን ብዙውን ጊዜ የፎስተር ክፍያ የለም፤ ታንፍ ከተባለው ለችግረኛ ቤተሰቦች ከሚሰጥ የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ ለልጆቹ ብቻ የሚሰጠውን ድጋፍ ለማግኘት ማመልከት ይችላሉ።

ገንዘቡን ብለው ብቻ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንዲሄድ አይገፋፉ። ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ካሳለፈ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መሥሪያ ቤቱ የእናትነት መብቷ እንዲቋረጥ አቤቱታ ማቅረብ እንዳለበት የ1997ቱ ሕግ ይደነግጋል፤ ከዘመድ ጋር መቀመጣቸው ግዛቱ አቤቱታውን እንዲተው ምክንያት ሊሆን ቢችልም በዚህ ላይ መተማመን አያስፈልግም። ለአሁኑ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብና ለማሳከም የሚያስችል የእህትዎን ፊርማ የያዘ ውክልና ያዘጋጁ፤ ዝግጅቱ መቼ እንደሚያበቃም ሶሻል ወርከሯ በጽሑፍ እንድትሰጥዎ ይጠይቁ።