ጆርዳን እና ዮርዳኖስ፦ አንድ ስም በሁለት አፍ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስት ወሯን ይዛለች። ውጭ አገር ያለው ወንድሟ «ወንድም ሆነ ሴት ጆርዳን በሉልኝ፤ ለሁለቱም ይሆናል» ብሎናል። እናቴ ደግሞ «የፈረንጅ ስም ትርጉሙ ምንድነው? ከሆነስ ዮርዳኖስ በሉት» ትላለች። ሁለቱ ስሞች ይገናኛሉ? እውነት ለወንድም ለሴትም ይሆናል? (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

መልስ፦ በሰላም ትገላገል። እናትዎና አማችዎ የሚከራከሩት በአንድ ስም ነው። ጆርዳን የዮርዳኖስ ወንዝ የእንግሊዝኛ አጠራር ነው። የተለያዩት በመጡበት መንገድ ነው። ለእኛ በግሪክ በኩል አልፎ በግእዝ መጻሕፍት ደረሰን፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» የግሪክ ቅሪት ናት። እንግሊዞች ዘንድ የደረሰው በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ስለሆነ መነሻው «ዮ» ወደ «ጆ» ተለወጠ። ያዕቆብን ጄኮብ፣ ዮሴፍን ጆሴፍ፣ ዮናታንን ጆናታን ያሰኘውም ይኸው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ላይ እኛ «የ» ባልንበት እነሱ ብዙውን ጊዜ «ጀ» ይላሉ።

ትርጉሙን ለእናትዎ እንዲህ ብለው ያስረዱልን። ወንዙ በዕብራይስጥ ያርደን ይባላል፤ ሥሩ «ያራድ» የሚለው ግስ ነው። ይህ ግስ የእኛው «ወረደ» ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ጥንታዊ ሥር የበቀሉ ናቸው። ዕብራይስጥ በቃል መነሻ ላይ የነበረችውን «ወ» ወደ «የ» ስለለወጣት ነው ለጆሮ የሚርቀን። እኛ ወለደ ስንል እነሱ ያላድ፣ ግእዝ ወርኅ ሲል እነሱ ያሬሐ ይላሉ፤ ያራድና ወረደም እንደዚያው። ዮርዳኖስ ማለት «ወራጁ» ማለት ነው። ወንዙም እንደ ስሙ ነው። ከአርሞንዔም ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ቁልቁል ሲምዘገዘግ ሙት ባሕር ይገባል፤ የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በምድራችን ላይ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረቅ መሬት ነው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህ ስም ምን ዓይነት ቁልቁለት እንደሚናገር ለመገመት አይቸገርም።

«ውርደትም ከዚሁ ሥር አይደል ወይ?» የሚል ቢነሣ፣ አዎ፣ ነው። ነገር ግን በረከት ወረደ የምንለውም በዚሁ ቃል ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል የወረደውም በዚሁ ወንዝ ነው። የስሙ ክብር ከዚያ የመጣ ነው። በሚንጃር ሸንኮራ 44 ታቦታት ለጥምቀት ኢራንቡቲ ላይ ሲያድሩ ላየ የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ጾታውን በተመለከተ፣ በአማርኛ በግስ የሚወጣ ስም ጾታውን ራሱ ይናገራል፦ አበበና አበበች፣ ከበደና ከበደች። በጥሬ ስም የሚወጣው ግን ዝም ይላል፦ ደስታ፣ ብስራት፣ ቃልኪዳን፣ ትንሣኤ። ዮርዳኖስም ከዚህኛው ወገን ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በመዝሙር 113 (በሌላው አቆጣጠር 114) «ባሕር አየች ሸሸችም፤ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው ተመለሰ» ይላል። ባሕር «አየች» ተብላ ወንዙ «ተመለሰ» ነው የተባለው፤ ማለትም በመጽሐፉ ሰዋስው ዮርዳኖስ ወንድ ነው። በአገራችን ግን ስሙ ወደ ሴት አድልቷል፤ ዮርዳኖስ የሚባሉ ወንዶችም አሉ፣ ቁጥራቸው ግን ያንሳል። ቤት ውስጥ ሁሉም «ዮርዲ» ነው። በእስራኤል ያርደን ለሁለቱም ይወጣል። በአሜሪካ ጆርዳን የሁለቱም ነው፤ በእንግሊዝ ግን ወደ ወንድ ያዘነብላል።

እኛን ካማከሩን ዮርዳኖስ ይበሉ። አማችዎ በስልክ ጆርዳን ብሎ ቢጠራ ስሙን አላበላሸም። ጆርዳን ብለው ካስመዘገቡ ግን እዚህ አገር ልጁ በሄደበት ሁሉ «ምን ማለት ነው?» የሚለውን መመለስ ሊኖርበት ነው።

ጥያቄ፦ ጆርዳን የሚለው ስም የበዛው በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በማይክል ጆርዳን ምክንያት ነው የሚባለው እውነት ነው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ በከፊል። ስሙ ከእሱ በጣም ይቀድማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከመስቀል ጦርነትና ከኢየሩሳሌም ጉዞ የሚመለሱ ሰዎች ከዮርዳኖስ ውኃ ይዘው እየመጡ ልጆቻቸውን ያስጠምቁበት ነበር፤ ጆርዳን ተብሎ መሰየምም በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጀርመን ተስፋፋ። በ1237 ያረፈው፣ ዶሚኒካውያን የሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ሁለተኛ አለቃ የሳክሶኒው ጆርዳን የዚያ ዘመን ሰው ነው። ኋላ እንግሊዞች እንደ መጠሪያ ስም ብዙም አልተጠቀሙበትም፤ ስሙ በቤተሰብ ስምነት ቀረ። ጃድ የሚለው ስምም የጆርዳን ቁልምጫ ሆኖ የተነሣ ነው። ማይክል ጆርዳን የያዘው ያንን የቤተሰብ ስም ነው፤ የእኛ አገር ሰው «የአባቱ ስም» እንደሚለው ማለት ነው።

በአሜሪካ ስሙ በመጠሪያነት ማደግ የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ማይክል ቺካጎ ቡልስን የተቀላቀለው በ1984፣ በስሙ የተሰየመው ጫማ ገበያ ላይ የዋለው በ1985 ስለሆነ ጅማሬው የእሱ ነው ማለት አይቻልም። ከፍ ያደረገው ግን እሱ መሆኑ አያከራክርም። በ1990ዎቹ፣ ማለትም ስድስቱን ዋንጫ ባነሣባቸው ዓመታት፣ ጆርዳን በወንዶችም በሴቶችም ስም ዝርዝር ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ ነበር። ከ2000 ወዲህ ቀንሷል። የእንግሊዝ ኳስ የሚከታተል አንባቢ ጆርዳን ሄንደርሰንንና ጆርዳን ፒክፎርድን ያውቃል፤ ጆርዳን ኖብስ ግን ሴት ተጫዋች ናት።

ጥያቄ፦ ልጄ በልደት ምስክር ወረቀቷ ዮርዳኖስ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ጆርዳን ተብላለች። በአንዱ ቦታ ጾታዋ «ወ» ተብሎ ተሞልቷል። ይህ ወደፊት ችግር ያመጣል? ሁለተኛ ልጅም እየጠበቅን ስለሆነ ምን እንጠንቀቅ? (ከአረርቲ)

መልስ፦ ያመጣል፤ አሁኑኑ ያስተካክሉት። ለሰው ጆሮ ሁለቱ አንድ ስም ቢሆኑም ለመዝገብ ሁለት ሰው ናቸው። ፓስፖርት ላይ አንዱ በዋይ፣ ሌላው በጄ ይጀምራል፤ የፈተና ውጤትና የልደት ምስክር ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀርቡ አይገጥሙም። የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዘው ትምህርት ቤቱ በዚያ እንዲያርም በጽሑፍ ያመልክቱ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገብ የሚሰፍረው ስም ወደ ምስክር ወረቀቷ ስለሚተላለፍ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ትክክለኛው ጆርዳን ነው የሚሉ ከሆነ ግን ነገሩ ስም መለወጥ ስለሚሆን ፍርድ ቤት መሄድ ሊኖርብዎት ነው፤ ስለዚህ ዮርዳኖስን ይዘው መቆየቱን እንመክራለን።

«ወ» የተባለችው ጸሐፊው ጾታውን ከስሙ ገምቶ ስለሞላ ነው። ጆርዳን የሚባል ወንድ ኳስ ተጫዋች የሚያውቅ «ወ» ይላል፤ ዮርዳኖስ የሚባል ወንድ ልጅን ደግሞ «ሴ» ይሉታል። ለሁለቱም ጾታ የሚሆን ስም ሲያወጡ ቅጹን ተቀብለው መፈረም ብቻ አይበቃም። በጣትዎ ጾታ የምትለዋን ዓምድ ፈልገው ያንብቡ።

ለሚመጣው ልጅ ቀኖቹን አስቀድመው ይቁጠሩ። ልደት የሚመዘገበው ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ቤተሰብ ስሙን እስከ ክርስትና ያቆየዋል። ወንድ በ40 ቀኑ ስለሚነሣ ሰፊ ጊዜ አለ። ሴት ግን በ80 ቀኗ ስለምትነሣ ለምዝገባ የሚቀራት 10 ቀን ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲሸኝ፣ ድግስ ሲነሣ ያ ያልቃል። ስለዚህ የመጠሪያ ስሟን አስቀድመው ቆርጠው ከጤና ተቋሙ የተሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዘው ክርስትናዋን ሳይጠብቁ ያስመዝግቡ። የክርስትና ስሟ ለብቻው ነው። እዚያ ደግሞ ጾታ አይምታታም፤ «ወለተ» ከተባለ ሴት፣ «ወልደ» ከተባለ ወንድ ነው።

የላቲኑን ፊደል በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። ዮርዳኖስ፦ ዋይ፣ ኦ፣ አር፣ ዲ፣ ኤ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኤስ። ጆርዳን ከሆነ ችግሩ ከዲ ቀጥሎ ያለችው ፊደል ናት። ዋናው አጻጻፍ በኤ ነው። በኢ፣ በኦ፣ በአይና በዋይ የሚጽፉም አሉ፤ በዋይ የሚጻፈው ከሞላ ጎደል የሴት ስለሆነ ለወንድ ልጅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እንደ ጆርዳን ለሁለቱም የሚሆኑ ሌሎች የእንግሊዝኛ ስሞች ከነትርጉማቸው ብትነግሩን። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ቴይለር ልብስ ሰፊ ማለት ነው፤ ከሙያ ወደ ቤተሰብ ስም፣ ከዚያ ወደ መጠሪያ የመጣ። ሮቢን የሮበርት ቁልምጫ ነው። ጄሚ ከጄምስ የወጣ ነው፤ ጄምስም በእኛ ያዕቆብ መሆኑን ልብ ይበሉ። አሽሊ ዛፉ የተመነጠረ የጫካ ቦታ ስም ነበር። ይህኛው በእንግሊዝ የወንድ ስም ሆኖ ቆይቶ በአሜሪካ በ1991 እና በ1992 ለሴቶች ከወጡት ስሞች አንደኛ ነበር። እንዲህ ያሉ ስሞች ሴቶች ሲበዙባቸው ወላጆች ለወንድ ልጅ ማውጣቱን ይተዉታል። ጆርዳን በአሜሪካ ከዚህ ተርፏል፤ እስካሁን ወንዱም ሴቷም ይጠሩበታል።