«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርገኛል?»

ጥያቄ፦ አባቴ የዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ሰሞኑን አንድ ዘመዳችን ከቴሌግራም የገዛውን የቅጠል እንክብል አመጣላቸው። በሳምንቱ ሲለኩ ስኳራቸው ወርዷል። አሁን «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርገኛል?» ብለው ኪኒኑን ሊተዉ ነው። ምን ልበላቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኪኒኑን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ እንክብሉንም ሐኪማቸው ሳያየው እንዳይነኩት ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ሽፈራው ወጥ ውስጥ ቢገባ ወይም አብሽ ተበጥብጦ ቢጠጣ ብዙም አልሰጋም፣ ምግብ ነው፤ አብሽ እንዲያውም ስኳርን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። እኔን የሚያስፈራኝ በሳምንት ውጤት ያሳየው እንክብል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ የወሲብ ማበረታቻ ተብለው በየጓዳው የተሸጡ እንክብሎች የዋጡ፣ ስኳር ጭራሽ የሌለባቸው ሰዎች፣ ስኳራቸው ድንገት ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ውስጡ የተገኘው ግሊቤንክላማይድ ነበር። አባትሽ የሚወስዱት ያው መድኃኒት! የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2013 «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብለው ከሚሸጡ የስኳር ምርቶች ውስጥ ያልተጻፈ መድኃኒት እንዳገኘ አስታውቋል።

እንዲህ ያለ ነገር በኪኒናቸው ላይ ሲደረብ፣ በተለይ ጾም ከሆነና ምግብ ከዘገየ፣ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ነገር ከተምታታባቸው ለኩላቸው፤ መለኪያው ከሌለም አትጠብቁ። ራሳቸውን ካወቁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትሰጡ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ዕቃውን አገላብጠሽ እይው። የአምራቹ ስም አለበት? የምርት መለያ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀንስ? የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦታል? የሻጩ ስልክ ብቻ ከተለጠፈበት ውስጡ ያለውን ሻጩም ላያውቀው ይችላል።

አባትሽ ተፈጥሮን የሚያምኑ ከሆነ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው፦ የሜትፎርሚን መነሻ ጋሌጋ የሚባል አውሮፓ ውስጥ የታወቀ ተክል ነው። የሳቸው ኪኒን ግን ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ተለክቶ ተጽፎበታል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠና ኖሯል።

ብቻ አትጣያቸው፤ ዕድሜ ልክ ኪኒን መዋጥ ያሰለቻል፣ እውነታቸውን ነው። ዕቃውን ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ክትትላቸው ሂዱ፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የተባለ ምርመራም ጠይቁ።